አያቱ አክስቱም ነበረች፦ የስፔን ሀብስቡርጎች የጋብቻ ሐረግ

ባለፈው ሰሞን አንድ ሰፊ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ የአንድ ሰው ዘር ልቆጥር ተቀመጥኩ። ከታች ስሙን ጻፍኩ፤ ካርሎስ 2ኛ፣ የስፔን ንጉሥ። ከሱ በላይ አባቱንና እናቱን። ከነሱ በላይ አራቱን አያቶች። ቀጥሎ ስምንቱን ቅድመ አያቶች። እዚህ ላይ እርሳሴ ቆመ። ከስምንቱ ሁለቱን አሁን ገና ጽፌያቸዋለሁ፤ አያቶቹ መስመር ላይ አሉ። ፊሊፕ 3ኛና ሚስቱ ማርጋሬታ በካርሎስ አባት በኩል አያት፣ በእናቱ በኩል ደግሞ ቅድመ አያት ናቸው። የተሳሳትኩ መስሎኝ እንደገና ቆጠርኩ። አልተሳሳትኩም።

እኛ ዘንድ ልጅ ሊዳር ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ዘር ነው። ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው በእናትም በአባትም ይቆጥራሉ። ሰባት ቤት ካልራቀ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ልጅ ሆኜ ይህ ሁሉ ቆጠራ ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም ነበር። ይህን ወረቀት ስጨርስ ገባኝ። ካርሎስ የተወለደበት የነገሥታት ቤት፣ ሀብስቡርጎችም ይቆጥሩ ነበር፤ እንዲያውም እንደነሱ ዘር የሚቆጥር ቤት በአውሮፓ አልነበረም። የሚቆጥሩት ግን መሬቱ ለማን እንደሚደርስ ለማወቅ ነው።

ካርሎስ የተወለደው ኖቬምበር 6 ቀን 1661 ማድሪድ ውስጥ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ፊሊፕ 4ኛ ያገባው የገዛ እህቱን ልጅ ነው። እህቱ ማሪያ አና ወደ ቪየና፣ ወደ ኦስትሪያው የቤቱ ቅርንጫፍ፣ ተድራ የፈርዲናንድ 3ኛ ሚስት ሆነች፤ ፈርዲናንድም ቢሆን የአጎቷ ልጅ ነው። እዚያ ማሪያናን ወለደች። ማሪያናን አጎቷ አገባት። እንግዲህ ማሪያ አና ለካርሎስ የእናቱ እናት ናት፤ አያቱ። የአባቱም እህት ናት፤ አክስቱ። እናቱ ደግሞ የአክስቱ ልጅ ሆነች ማለት ነው።

ማሪያና መጀመሪያ የታጨችው ለፊሊፕ አልነበረም። ለልጁ ለባልታዛር ካርሎስ ነበር፤ ከመጀመሪያ ሚስቱ ከኤልሳቤጥ ለወለደው ወንድ ልጅ። ልጁ በኦክቶበር 1646፣ 17 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሞተ። ኤልሳቤጥ ከሱ በፊት አርፋለች። ፊሊፕ ሚስትም ወንድ ወራሽም የሌለው ሰው ሆኖ ቀረ። በ1649 ምራቱ ልትሆን የነበረችውን ልጅ ራሱ አገባት። እሱ 44፣ እሷ 14 ዓመቷ ነበር።

ይህን አንድ ጊዜ የደረሰ አሳዛኝ አጋጣሚ ነው ብዬ ልተወው ነበር። ግን ወረቀቱ ላይ ወደ ላይ ስወጣ ያው ታሪክ እንደገና ጠበቀኝ። የፊሊፕ 4ኛ አያት ፊሊፕ 2ኛ ዶን ካርሎስ የሚባል ልጅ ነበረው። የልጁ እናትና አባት በሁለቱም ወገን የአጎትና የአክስት ልጆች ስለሆኑ፣ ልጁ ያሉት ቅድመ አያቶች አራት ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ስምንት አለው። ዶን ካርሎስ አባቱ አስሮት በ1568 ሞተ። ከቪየና ለሱ ትታሰብ የነበረች አና የምትባል ልጅ ነበረች፤ የፊሊፕ እህት ልጅ። በ1570 ፊሊፕ ራሱ አገባት። እሱ 43፣ እሷ 21። ሁለት ጊዜ ልጅ ሞተ፣ ሁለት ጊዜ የልጁ እጮኛ ለአባትየው ሆነች፣ ሁለት ጊዜም ሙሽራዋ የገዛ እህቱ ልጅ ናት።

ለምን እንዲህ አደረጉ? ብዙ ጽሑፍ ላይ እንደ እብደት ይወራል። እብደት አይደለም። የሂሳብ ነገር ነው፤ ሂሳቡ ደግሞ መነሻ አለው።

ሀብስቡርጎች ትልቅ የሆኑት በጋብቻ ነው። «ሌሎች ይዋጉ፤ አንቺ ዕድለኛዋ ኦስትሪያ አግቢ» የሚል የላቲን አባባል ወጥቶላቸዋል። በ1477 ማክሲሚሊያን የቡርጎኝን ወራሽ ማርያምን አግብቶ ሀብታሞቹን የኔዘርላንድ ከተሞች አገኘ። በ1496 ልጃቸው ፊሊፕ የስፔኗን ልዕልት ሁዋናን አገባ፤ የሁዋና ታላላቆች ሲሞቱ ስፔን ከነባሕር ማዶ ግዛቷ ለነሱ ልጅ ለካርል 5ኛ ደረሰ። ያን ሁሉ መሬት ወደ ቤት ያስገቡት ሴት ልጆች ናቸው። በስፔን ሕግ ወንድ ከጠፋ ሴት ትወርሳለች።

በዚህ መንገድ የከበረ ቤት አንድ ነገር ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሴት ልጅ ወደ ሌላ ቤት ስትሄድ የውርስ መብቷን ይዛ ነው። እነሱ የሌላውን እንደወሰዱ ሌላው የነሱን ሊወስድ ይችላል። በ1556 ካርል 5ኛ ሥልጣን ሲለቅ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ስፔን ለልጁ ለፊሊፕ 2ኛ፣ ኦስትሪያና የንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ለወንድሙ ለፈርዲናንድ 1ኛ። ከዚያ በኋላ የማድሪድ ልጅ ለቪየና፣ የቪየና ልጅ ለማድሪድ ትዳር ጀመር። መሬቱ የትም ቢሄድ ከቤት አይወጣም። በዚያ ላይ ፕሮቴስታንትነት ከተስፋፋ በኋላ ማዕረጉ የሚመጥን የካቶሊክ ቤት እየጠበበ መጣ። የሮም ቤተ ክርስቲያን የቅርብ ዘመድ ጋብቻን ትከለክላለች፤ ለነገሥታት ግን ልዩ ፈቃድ ይመጣ ነበር። የስፔን ሀብስቡርግ ነገሥታት በጠቅላላው 11 ጋብቻ ፈጽመዋል። ከነዚህ 9ኙ የሥጋ ዘመድ ጋር ናቸው።

ወደ ወረቀቴ ልመለስ። ከካርሎስ አምስት ትውልድ ወደ ላይ ስንወጣ 32 ቦታ ይኖራል። ለማንኛችንም ያው ነው፤ 32 ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜ 32 ሰው። የካርሎስን ሞልቼ የተለያዩትን ስሞች ስቆጥር 18 ሆኑ። ፈርዲናንድ 1ኛና ሚስቱ አና በዚያ አንድ መስመር ላይ ብቻ አራት አራት ጊዜ ተጽፈዋል። ካርል 5ኛና ሚስቱ ሁለት ሁለት ጊዜ አሉ፤ ከታቹ መስመር ላይም ይገኛሉ። ስምንቱም ቅድመ አያቶቹ፣ አንድም ሳይቀር፣ የፊሊፕና የሁዋና ዘር ናቸው። ዛፍ ልስል ተቀምጬ የሳልኩት መረብ ሆነ።

በ2009 በሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን ሥራ በትልቁ ሠርተውታል። 16 ትውልድ፣ ከ3,000 በላይ ሰው ቆጠሩ። የፈለጉት አንድ ቁጥር ነው። እያንዳንዳችን አንዱን ዘረመል በሁለት ቅጂ እንይዛለን፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። አንዱ ቅጂ ቢበላሽ ብዙ ጊዜ ሌላው ይሸፍንለታል። አባትና እናት ዘመድ ሲሆኑ ግን ሁለቱም ቅጂ ከአንድ አያት ተነስቶ በሁለት መንገድ ሊደርስ ይችላል። ያኔ ያ አያት የነበረበት ብልሽት መሸፈኛ ያጣል። ቁጥሩ የዚህን ዕድል መጠን ይለካል። የአጎትና የአክስት ልጆች ሲጋቡ ልጃቸው 0.0625 ይሆናል። አጎት የእህቱን ልጅ ሲያገባ 0.125። ወንድምና እህት ቢወልዱ 0.25። በስፔኑ ቅርንጫፍ መጀመሪያ ላይ የቆመው ፊሊፕ፣ የሁዋና ባል፣ 0.025 ነበር። ካርሎስ ጋ ሲደርስ 0.254 ሆነ።

አባቱ እህቱን አላገባም። ግን በስድስት ትውልድ ላይ የተደራረበው ዝምድና እዚያው አደረሰው። እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው። አንድም ትውልድ አልተነሳም፤ «ይህ የእህትና የወንድም ጋብቻ ነው» ብሎ። እያንዳንዱ አባት የራሱን አንድ ጋብቻ ብቻ ነው ያየው።

ካርሎስን የሚያውቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው በአገጩ ነው። ወደ ፊት የወጣው የታች መንጋጋ የቤቱ ምልክት ነበር። እኔ ግን ስለዚህ ቤት ሳስብ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ልጆቹ ነው። ከ1527 እስከ 1661 ለስፔን ነገሥታት 34 ልጆች ተወለዱ። 10ሩ ዓመት ሳይሞላቸው፣ እነሱን ጨምሮ 17ቱ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ። በዚያ ዘመን በስፔን መንደሮች ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ከአምስት አንድ ገደማ ነበሩ። ሐኪም፣ ሞግዚትና ሙሉ ጓዳ ያለው ቤተ መንግሥት ከገበሬው ጎጆ የባሰ ሕፃን ይቀብር ነበር።

ከነዚህ አንዱን ቬላስኬዝ ስሎታል። ስሙ ፊሊፕ ፕሮስፔሮ ነው፤ የካርሎስ ታላቅ ወንድም። ሥዕሉ የ1659 ነው፤ ልጁ ገና ሁለት ዓመቱ። አሁን ቪየና ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ልጁ ፊቱ ገርጥቷል፤ ፀጉሩ ስስ ነው። ረጅም ቀላ ያለ ቀሚስ ለብሷል፤ በላዩ ነጭ ሽርጥ። ሽርጡ ላይ ክታቦችና ትንሽ ቃጭል ተንጠልጥለዋል፤ ከዓይንና ከበሽታ እንዲጠብቁት። አንድ እጁን ወንበር ላይ ጣል አድርጓል። ወንበሩ ላይ ትንሽ ነጭ ውሻ ተኝታለች። ክታቡን ያሰረለት ሰው፣ ምናልባት ሞግዚቷ፣ ልጁ እንዳይሞት ምን ያህል እንደፈራ ይታያል። ልጁ ኖቬምበር 1 ቀን 1661 አራት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ከአምስት ቀን በኋላ ካርሎስ ተወለደ። ቤቱ ሐዘንና ደስታን በአንድ ሳምንት ተቀበለ።

ማሪያና በጠቅላላ አምስት ወለደች፤ ያደጉት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያዋ ማርጋሪታ ናት። «ላስ ሜኒናስ» በተባለው በ1656 በተሳለው የቬላስኬዝ ሥዕል መሐል ላይ በነጭ ቀሚስ የቆመችው የአምስት ዓመት ልጅ እሷ ናት። ብዙ ሰው ሥዕሉን ያውቀዋል፤ ልጅቷ ምን እንደሆነች ግን አይጠይቅም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትታሰበው ለእናቷ ወንድም ለሊዮፖልድ ነበር። ሥዕሎቿ እያደገች ስትሄድ ወደ ቪየና ይላኩ ነበር፤ አጎትየው እጮኛውን እንዲያይ። በ1666 በ15 ዓመቷ ተዳረች። በትዳር ኖራም «አጎቴ» እያለች ነበር የምትጠራው። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ወለደች፤ ያደገችላት አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ናት። ማርጋሪታ በ1673 በ21 ዓመቷ አረፈች።

እዚህ ላይ ካርሎስን ብቻ አይተን ከምንደርስበት የችኮላ ፍርድ የሚያቆመን ነገር አለ። ማርጋሪታ ከካርሎስ ጋር አባቷም እናቷም አንድ ናቸው። ቁጥሯም ያው 0.254 ነው። ግን እንደሱ የታመመች አልነበረችም። የሷ ልጅ ማሪያ አንቶኒያ ደግሞ 0.305 ነበረች፤ ከካርሎስም በላይ። እሷም አድጋ አገባች፣ ወለደች። ቁጥሩ የዕጣውን ክብደት ይናገራል፤ ዕጣው በማን ላይ እንደሚወጣ አይናገርም። ተመራማሪዎቹ የካርሎስን ሕመም በሁለት የዘር በሽታ ለማስረዳት ሞክረዋል፤ አንዱ የአንጎል ሥር ዕጢ ሆርሞን ማነስ፣ ሁለተኛው የኩላሊት ችግር። አሳማኝ ግምት ነው፤ ግን ግምት ነው። በሌላ በኩል ፊሊፕ 4ኛ ከአንዲት ተዋናይት የወለደው ልጅ ነበረው፤ ሁዋን ሆሴ። ጠንካራ ሰው ወጣው፤ ጦር መራ፣ በ1677ም የመንግሥቱን ሥልጣን ጨበጠ። ከሕጋዊ ጋብቻ ስላልተወለደ ግን መውረስ አይችልም።

ካርሎስ አባቱ ሲሞት አራት ዓመት አልሞላውም፤ እናቱ በሞግዚትነት ገዛች። ንግግር የጀመረው በአራት ዓመቱ ገደማ፣ ደህና አድርጎ የተራመደው በስምንት ዓመቱ እንደሆነ ይነገራል። ምግብ ማላመጥ ይቸግረው ነበር። ሕዝቡ «ኤል ኤቺሳዶ» አለው፤ ድግምት የተደረገበት። እሱም አመነ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ቄሶች መጥተው መንፈስ የማስወጣት ጸሎት አደረሱበት። አንድ ታሞ የኖረ ሰው በሕመሙ ላይ «ሰይጣን አለብህ» ሲባል መስማት ምን እንደሚመስል አስቡት።

በ1679 የፈረንሳዩን ንጉሥ የሉዊ 14ኛን የወንድም ልጅ ማሪ ሉዊዝን አገባ። ይወዳት ነበር። ልጅ ግን አልመጣም። አሥር ዓመት ሙሉ የማድሪድ ዓይን የሷ ሆድ ላይ ነበር፤ ነቀፋውም በሷ ላይ ወረደ። በ1689 በ26 ዓመቷ ሞተች። በሚቀጥለው ዓመት ከጀርመኗ ኖይቡርግ ማሪያ አናን አመጡለት። የተመረጠችበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እናቷ 17 ልጆች ወልዳለች። እሷም አልወለደችም።

ከዚህ በኋላ ካርሎስ ሳይሞት ንብረቱን መከፋፈል ተጀመረ። በ1698 ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ሆላንድ ተስማምተው አብዛኛውን ለማርጋሪታ የልጅ ልጅ ለባቫሪያው ዮሴፍ ፈርዲናንድ መደቡ። ካርሎስም ያንኑ ልጅ ወራሽ አለው፤ ግን ግዛቱ ሳይቆረስ። ልጁ በፌብሩዋሪ 1699 በስድስት ዓመቱ ሞተ። የቀሩት ሁለት ናቸው። ሊዮፖልድ ሁለተኛ ልጁን ያቀርባል፤ የዚያ ልጅ እናት የካርሎስ ሚስት እህት ስለሆነች ንግሥቲቱ የምትገፋው የእህቷን ልጅ ነው። ሉዊ 14ኛ ደግሞ የልጅ ልጁን ያቀርባል።

የሉዊ ጥያቄ ከየት መጣ? ፊሊፕ 4ኛ ከመጀመሪያ ሚስቱ ማሪያ ቴሬዛ የምትባል ሴት ልጅ ነበረችው። በ1615 ስፔንና ፈረንሳይ በቢዳሶዋ ወንዝ ላይ ልዋጭ ጋብቻ አድርገው ነበር፤ የፊሊፕ እህት አን ለፈረንሳዩ ንጉሥ፣ የፈረንሳዩ ንጉሥ እህት ኤልሳቤጥ ለፊሊፕ። ማሪያ ቴሬዛና ሉዊ 14ኛ የነዚህ ልጆች ናቸው፤ በሁለቱም በኩል የአጎትና የአክስት ልጆች። በ1659 ጦርነት ማብቂያ ስምምነት ሲደረግ ልጅቷ ለሉዊ ተሰጠች። በ1660 አንና ወንድሟ ፊሊፕ እዚያው ወንዝ ላይ፣ ፌዛን ደሴት፣ ከ45 ዓመት በኋላ ተገናኙ። ስትሄድ የ14 ዓመት ልጅ፣ እሱም የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ።

ማሪያ ቴሬዛ የስፔንን ውርስ እንደማትጠይቅ ፈርማ ሄደች። ስፔን በበኩሏ ከልጅቷ ጋር 500,000 የወርቅ ኤስኩዶ ልትከፍል ቃል ገባች። ገንዘቡ አልተከፈለም። ፈረንሳዮች ያንን ያዙ፤ ገንዘቡ ካልተከፈለ ፊርማውም ፈረሰ አሉ። ከስድስት ልጆቿ ለአካለ መጠን የደረሰላት አንድ ነው። አንዱ በቂ ሆነ።

ካርሎስ በኦክቶበር 1700 ኑዛዜውን ፈረመ። ግዛቱ ሳይከፋፈል እንዲቆይ ፈልጎ ሁሉንም ለማሪያ ቴሬዛ የልጅ ልጅ፣ ለ16 ዓመቱ የአንጁ መስፍን ፊሊፕ ሰጠ። ደካማ ነው የተባለው ሰው በመጨረሻ በሚስቱ ግፊት ሳይበገር የወሰነው ይህን ነው፤ ለኔ የሕይወቱ ትልቁ ድፍረት ነው። ኖቬምበር 1 ቀን ሞተ፤ 39 ሊሞላው አምስት ቀን ሲቀረው። ወንድሙ ፊሊፕ ፕሮስፔሮ በሞተበት ዕለት።

ከ1701 እስከ 1714 አውሮፓ በዚህ ውርስ ተዋጋ። ኔዘርላንድ ያሉት ግዛቶች፣ ሚላኖና ኔፕልስ ለኦስትሪያ ሄዱ። ጂብራልተር ለእንግሊዝ። ስፔን ራሷ ለፊሊፕ 5ኛ ቀረች።

ወረቀቴ ላይ ከማሪያ ቴሬዛ ስም ተነስቼ ወደ ጎን አንድ መስመር ሳልኩ። መስመሩ ወደ ፊሊፕ 5ኛ ወረደ፤ ከሱም እየወረደ ዛሬ ማድሪድ ያለው ንጉሥ ፊሊፕ 6ኛ ጋ ይደርሳል። እሱ በ2004 ያገባት ሌቲሲያ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነበረች፤ ከንጉሥ ቤት አይደለችም። አልጋ ወራሿ የመጀመሪያ ልጃቸው ሊዮኖር ናት። ስሟን ስጽፍ ወረቀቱ አለቀብኝ፤ ሌላ ወረቀት ቀጠልኩበት፤ በሌቲሲያ በኩል ያሉት ስሞች ሁሉ አዲስ ነበሩ።